ኅብረተሰቡ የሚባለው ሰውዬ

ስምንት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ፤
የሰውን ጩኸት በመስመር አሳጠርሁ።
ሦስት ሰዓት ሙግት፣ ያ ሁሉ እሰጥ አገባ፣
አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ፋይል ገባ፦
«ኅብረተሰቡም በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።»
ከዚያ ማኅተም ያርፋል። ከዚያ አዴት ይላካል።

ያን ዕለት አጀንዳው የቦዩ ውል ነበር፤
ከላይ ከምንጩ አፍ እስከ ታች እስከ ድንበር
ውሃው በስንት ቀን፣ ለማን፣ በምን ተራ፣
ቧንቧ እዘረጋለሁ ከሚል ድርጅት ጋራ።
የማሠልጠኛው ቤት ቆርቆሮው ያፈሳል፤
ሰዉ በዩሪያ ጆንያ ላይ ተደርድሯል።
ሊቀመንበር ይታየው ገጽ እየዘለለ
አሥራ አራቱን ጨርሶ «ተቃውሞ አለ?» አለ።
የመለሰለት ጣራው ላይ ያለው ዝናብ ነው።
እኔም ብዕሬን አነሣሁ፣ እንደ ልማዴ፦
«ኅብረተሰቡም…»

ከበሩ አጠገብ አንጓች ቸኮል ነበረች፤
ስብሰባ ረዘመ ብላ ፈትል አታስታጉልም።
«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች፣ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል፤
«ይህ ኅብረተሰቡ የምትሉት ሰውዬ
ቤቱ ከየትኛው ጎጥ ነው?
እድር ላይ አላየሁት፤
ቀብር ላይ አፈር አልመለሰ፤
ቦይ ስንጠርግ ዶማ ይዞ አልመጣ፤
ወንፈል ቢጠሩት አይወጣ።
ሁልጊዜ ግን ይስማማል!
የወሉ ግጦሽ ታጠረ፣ ተስማምቷል፤
መንገዱ በማሳዬ አለፈ፣ ተስማምቷል።
እንዲህ ያለ ጠባየ ሸጋ ባል
ለልጄም አልተገኘ።»

ሳቁ ከዝናቡ በላይ ሆነ።
ይታየው ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።
«ጊዜ የለንም፣ አንጓች።»
«ጊዜማ ሞልቷል» አለች፣ እንዝርቷን አሾረችና፤
«ልቃቂት የሚፈታው ውሉ ሲያዝ ነው፤
ውሉን ሌላ ሰው ይዞት እኔ ምኑን ልፍታ?
ባሌ ከሞተ ወዲህ የማጠጣው ሌሊት ነው፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፤
የቀን ተራ ለወንድ ነው ተብዬ።
ይህ በየትኛው ገጽ ነው?»

ገጹ ተገለጠ። አሥራ አራቱም።
የለም።

ያን ጊዜ ሙጬ ስንሻው ተነሣ፣ የውሃ አባታችን፤
ሠላሳ ዓመት በቁመቱ ጥላ ሰዓት ለክቶ
ውሃ ያካፈለን ሰው፤
ውሉ ላይ ስሙ «ባለድርሻ አካል» ነው።
«ድርሻውን አላየሁትም» አለ፤ «አካል ግን አለኝ፣ ይኸው!»
የተሰነጠቀ ተረከዙን አነሣልን።

ከዚያማ ቤቱ ንብ የገባበት ሆነ።
የታች ሰፈር የላዩን ከሰሰ፤
የላዩ የታቹን ባሕር ዛፍ ውሃ መጣጭ አለ፤
ከድርጅቱ የመጣው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ
«ቅጹ ላይ ለስም ዝርዝር ቦታ የለውም» ቢል፣
ሙጬ «እንግዲያ ቧንቧውም ቦታ የለውም» አለው።

እኔ ሰረዝሁት።
ስምንት ዓመት የኖረውን ያን ሰውዬ
በአንድ መስመር ሰረዝሁትና
ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፦
«አንጓች ቸኮል። አልተስማማሁም አለች። ምክንያቷ…»
ስድስት ገጽ ሆነ። ጣቴ አበጠ።
ይታየው በትከሻዬ አሻግሮ አየና
«ይህን ማን ያነበዋል?» አለኝ።
ምን እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።

ውሉ የተፈረመው በሦስተኛው ስብሰባ ነው።
የሌሊቱ ተራ ለሁሉም እየዞረ ይደርሳል፣ ለይታየውም ጭምር፤
ሙጬ በስሙ ተጽፏል፣ እስከ አያቱ፤
አንጓች ከኮሚቴው ገብታለች፣ ከነእንዝርቷ።
የታች ሰፈር ዛሬም ያጉረመርማል፤
ማጉረምረሙም ተጽፏል።

ተራ ቁጥር አርባ ሰባት ብቻ ክፍት ነው።
ጓንጉል «ላስብበት» ብሎ ሄደ።
«ላስብበት አለ» ብዬ ጻፍሁ።
ማኅተሙ ይጠብቀው።